የዲጋው ጥሪ ጉቴ የደረሰ ቀን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። የሥራ ዘመን ትዝታቸውን የሚጽፉት ዕድሜያቸውን በሥራ የፈጁ፣ ስንት አለቃና ስንት ዝውውር ያሳለፉ ጡረተኞች ናቸው። እኔ የሠራሁት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ሹመት አላየሁም፣ ሽልማትም አልተቀበልኩም። አሁን የአዋላጅ ነርስነት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች በዕድሜ ስለምበልጣቸው «አዳዳ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። በቅርቡ አንዷ፣ «አዳዳ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መሥራትን የመሰለ ንጹሕ ሥራ ትተሽ ደም ልትጠርጊ መጣሽ?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋትም፤ መልሱ ረጅም ነውና። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው። የማይረባ ሆኖ ያገኘው አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ነቀምቴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ስላልመጣልኝ አዴ ብርቄ የሚባሉ ሴትዮ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። አዴ ብርቄ ቁጡ ነበሩ። የተየብነውን ማመልከቻ ለባለጉዳዩ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሳናነብለት እንድንሰጥ አይፈቅዱም። «ሰውዬው የጻፍሽለትን ይስማው እንጂ! የሚፈርመው እሱ ነው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጊምቢ ሄጄ አንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ስመዘግብ ከረምኩ። ጊምቢ የተማርኩት ብዙም የለም፤ ደመወዙ ግን ከነቀምቴው ይሻል ነበር። እናቴ ስትታመም ተመለስኩ፤ ሥራ ስፈልግም ኦቦ ፈይሳን አገኘኋቸው፤ ፕሮግራም እያስተማሩ ሊያሠሩኝ ቀጠሩኝ።

ኦቦ ፈይሳ በወጣትነታቸው የሒሳብ መምህር ነበሩ። በኋላ አዲስ አበባ የፕሮግራም ሥራ ተምረው ለዓመታት ሠርተውበታል። ወላጆቻቸው ሲያረጁ ወደ አገራቸው ተመልሰው ባኬ ጃማ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለች ክፍል ተከራዩ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ትልቅ ባትሪና ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ቾክ በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት ኮት ኪስ ሳይቀር በቾክ ነጭ ነበር።

የሚሠሩበት ቋንቋ ስሞልቶክ ይባላል። ብዙ ፕሮግራመር ስሙን እንኳ አያውቀውም። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ኦቦ፣ ሰው ሁሉ የሚሠራበትን ብንማር አይሻልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፉና «ተርጉሚው» አሉኝ። መጀመሪያ የነገሩ ስም፣ ቀጥሎ ትእዛዙ ነበር።

«መኪናው… ይሂድ» አልኩ።

«አየሽ? ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሡ መጨረሻ ይመጣል። አማርኛም ኦሮምኛም እንዲህ ነው የሚናገሩት። ፈረንጅ የሠራው ቋንቋ ነው፤ አረፍተ ነገሩ ግን የእኛን ቤት ይመስላል።»

በዚያ ቋንቋ ሁሉም ነገር መልእክት የሚቀበል ሕያው ነገር ነው። የሌላውን ዕቃ ውስጡ ገብተሽ አትነኪም፤ መልእክት ልከሽ ትጠይቂዋለሽ። «የሰው ጓዳ ገብተሽ ሽሮ አትዘግኚም» ይሉኝ ነበር፤ «ደጃፍ ቆመሽ ነው የምትጠይቂው።» ደግሞ ፕሮግራሙ የሚጠገነው እየሠራ ነው። ስህተት ሲገጥመው ስህተቱ ላይ ቆሞ መስኮት ይከፍትልሻል፤ አስተካክለሽ «ቀጥል» ስትይው ካቆመበት ይቀጥላል። ኦቦ ፈይሳ ምሳ ከመውጣታቸው በፊት ሁሉንም እንዳለ ያስቀምጡታል፤ ሲመለሱ የተከፈተው መስኮት ሁሉ እንደተከፈተ ያገኙታል።

ከልማዳቸው ሁሉ የማልረሳው አንድ ጥያቄ ነው። ኮድ ጽፌ ሳሳያቸው እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየነኩ «ከን ኤኙቲ?» ይላሉ፤ የማን ነው? ማለት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት የድረ ገጽ ፕሮግራም ሲሠራ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው ይሉ ነበር። ለእያንዳንዱ ገቢ እንግዳ የየራሱ ጓዳ ይሰጠዋል፤ እዚያ የተቀመጠውን ሌላ ሰው አያየውም። ከጓዳዎቹ ውጭ ደግሞ የጋራ ግቢ አለ፤ ግቢ የተቀመጠውን ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ያነሣዋል። «የጓዳውን ግቢ ከተውሽ ጉድ ይፈላል» ይሉኛል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

የአምቡላንስ ጥሪውን ገጽ እንድንሠራ የጠየቀን አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ሁለት መኪና አለው። በነቀምቴ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ክሊኒኮች ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው ለሾፌሮቹ ይደውላሉ፤ ስልኩ ግን አንዴ ይያዛል፣ አንዴ አይሰማም፣ አንዴ የቦታ ስም ይሳሳታል። ስለዚህ አዋላጇ በስልኳ ገጹን ከፍታ ምን እንደገጠማት ትጽፋለች፤ «ላክ» ስትለው ጥሪው ከነቦታው ሾፌሩ ስልክ ላይ ይወጣል። ሾፌሩ ሲነሣ እሷ ገጽ ላይ «መኪናው ወጥቷል» የሚል ይመጣላታል። ይኸው ነው።

ለሙከራ የጀመርነው ዲጋ አካባቢ ባለች አንዲት ክሊኒክ ነው። አዋላጇ ሲስተር ሌሊሴ ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ ፈጣንና ተረበኛ። ገጹ ሲከፈት የክሊኒኩ ቦታ በራሱ የሚሞላበት ሣጥን ላይ ምን ስም እንጻፍ ብለን ስንጠይቃት «ኢዶ ኬኛ» አለች፤ ቦታችን ማለቷ ነው። ወለጋ ውስጥ ሰው «የእኔ» ማለት ይከብደዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው እንኳ ቤቱን «መነ ኬኛ» ይለዋል፤ ቤታችን። «ኮ»፣ ማለትም «የእኔ»፣ ሲበዛ ስስት ይመስላል። ኦቦ ፈይሳም ወደዱት፤ ኮዱ ውስጥም ያንኑ ስም ሰጡት፦ ኢዶ ኬኛ። እንግዳዋ አንዲት ብቻ ስለነበረች ቦታውን ግቢ አስቀመጡት። ሙከራው ሠመረ።

ከዚያ ጉቴ አካባቢ ያለ ሌላ ክሊኒክ ተጨመረ። ዲጋ ከነቀምቴ በምዕራብ ነው፣ ጉቴ በምሥራቅ። የጉቴውን ጤና መኮንንና ሌሊሴን ባኬ ጃማ ጠርተን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ሞከርን።

«ሲስተር፣ አንቺ ቅደሚ» ይላታል።

«ኧረ በፍጹም፣ አንተ ቅደም፤ ሩቅ ነህ።»

«አንቺ ካልጨረስሽ እኔ አልነካም።»

«እሺ፣ ጨርሻለሁ፤ በል አሁን ያንተን።»

እንዲህ እየተከባበሩ ሙሉ ቀን ሞከሩ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሁሉም ጥሪ ወደ ቦታው ሄደ። ኦቦ ፈይሳ ኮዱን ሲመረምሩ ጣታቸው «ኢዶ ኬኛ» ላይ ደርሶ አልፎት ሄደ። ስሙ ራሱ መልስ የሰጠ ይመስል ነበር፤ የማን ነው ሲባል የእኛ ነው ይላል።

ለወራት በደንብ ሠራ። ጉዱ የፈላው በዲጋ የገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው።

ምጥ ላይ የነበረች አንዲት ሴት ደም መፍሰስ ጀመራት። ሌሊሴ ገጹን ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ገና እየጻፈች ሳለ ጉቴ ያለው ጤና መኮንን እግሩ ለተሰበረ ሽማግሌ መኪና ሊጠራ እሱም ገጹን ከፈተ። ግቢ ውስጥ የነበረው «ዲጋ» በዚያው ቅጽበት «ጉቴ» ሆነ። ሌሊሴ ስትልክ የምጧ ጥሪ ከጉቴ እንደመጣ ሆኖ ወጣ፤ የሽማግሌውም ጥሪ ከጉቴ። ሾፌሩ ጋሽ ሰይድ፣ ወላጆቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ መንገዱን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሁለት ጥሪ ከአንድ ቦታ ሲያዩ ጭራሽ አልተጠራጠሩም። ሌላዋ መኪና ጋራዥ ነበረች። ወደ ጉቴ በረሩ።

ስልኬ ሲጮህ ቢሮ ነበርኩ።

«ቦንቱ፣ እታለም፣ ደም የሚፈሳት ሴት የታለች? እዚህ ያለው እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ብቻ ነው።»

«ጋሽ ሰይድ፣ የት ነዎት?»

«ጉቴ ነኛ! ጉቴ ሂድ አይደል የሚለው?»

ዲጋ ደወልኩ። ሌሊሴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ወጥቷል ይላል እኮ! ሄጄ መኪና ላምጣ ያለ ባሏን 'ቆይ፣ መንገድ ላይ ነው' ብዬ አስቀርቼዋለሁ» አለችኝ። እውነቱን ስነግራት ስልኩን ዘጋችው። በኋላ እንደሰማሁት መንገድ ላይ ወጥታ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አስቆመች፤ የገበያው ሰው ከረጢቱን ተረባርቦ አወረደ። እናቲቱ ነቀምቴ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ቶሎ ቢደርሱስ ኖሮ ተብሎ ሲጠየቅ ሐኪሙ «ይህን ማንም አያውቅም» አለ። ያ ቃል እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

በማግስቱ ኦቦ ፈይሳ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ከፈቱ። እኔን ዲጋ፣ ራሳቸውን ጉቴ አደረጉ። «አሁን አትጠብቂኝ» አሉ፤ «እየጻፍሽ እኔ ልክፈት።» ጻፍኩ፤ ከፈቱ፤ ላክሁ። የእኔ ጥሪ «ጉቴ» ብሎ ወጣ። ደገምነው፤ ያው ነው። ጥገናው ቀላል ነበር፤ አንዱን ስም ከግቢ አንሥቶ ጓዳ ማስገባት ብቻ። ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

የማይጠገነው ዲጋ ነበር። ገበያው ውስጥ ሌሊሴን «ሲስተር ስልክ» የሚል ስም አወጡላት። ሴት ደሟ እየፈሰሰ እሷ ስልክ ታያለች ተባለ። ክሊኒኩ ከሥራ አግዷት፣ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ከቤተሰቡ ጋር እስኪያዩት ጠብቂ አላት። የሚባረር ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ከተባረረች ደግሞ በዚያ አገር የትኛዋም እናት በእሷ እጅ አትወልድም።

የማኅበሩ አስተባባሪ ወደ ቢሯችን መጣ። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ፈርቷል። «መምህር፣ ኔትወርክ ነው በሉ» አለ። «ወለጋ ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል? ሰማይ አይታረስ፣ ኔትወርክ አይከሰስ!»

ኦቦ ፈይሳ ፈገግ አሉ። ቀጥለው፣ «ኔትወርክ ጠፍቶ ከሆነ ልጅቷ ለምን ሌላ መኪና አልፈለገችም ይሏታል» አሉት። «ኔትወርኩማ አልጠፋም። ስልኳ 'ወጥቷል' እያለ ነው ያሰራት። ኔትወርክ ካልኩ እኔ እድናለሁ፣ እሷ ትሞታለች።»

«ሥራው ይቀርባችኋል እኮ።»

«ይቅራ።»

ሽምግልናው የተደረገው ከዲጋ ወጣ ብሎ፣ በባልየው አባት ግቢ ነው። ጸሎት ተደረገ። ወንበር ያጣው ሣር ላይ ተቀመጠ። ሌሊሴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። ንግግሩ ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ የምጽፈው እንደገባኝ ነው። ባልየው መጀመሪያ ተነሣ።

«እኔ ፕሮግራም የሚባል ነገር አላውቅም። ያየሁት አንድ ነው። ሚስቴ ትጮሃለች፣ ሲስተር ስልኳን ታያለች። ሄጄ መኪና ላምጣ ስል አስቀረችኝ። ለልጁ ስም አውጥተንለት ነበር።»

ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ ኦቦ ፈይሳ ዞሩ። «እሺ መምህር፤ አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?»

ኦቦ ፈይሳ ቆሙ። ቾክ የለመደ እጃቸው ኪሳቸውን ፈልጎ ባዶ ተመለሰ። «አንድ ቤት ሠራሁ» አሉ። «ለየእንግዳው የየራሱ ጓዳ አለው። አንድ ዕቃ ግን ግቢ ቀረ። የዲጋዋ እንግዳ ቦታዋን አስቀመጠች፤ የጉቴው እንግዳ ሲገባ ሳያውቅ የራሱን በላዩ አስቀመጠበት። እሷ ስትልክ የሄደው የእሱ ቦታ ነው። መኪናው ወጥቷል የተባለችው እውነት ነው፤ ወደ እሷ መሆኑ ነው ውሸቱ። ይህን ውሸት የነገራት የሠራሁት ቤት ነው።»

«ለምን ግቢ ተውከው?»

«ስሠራው እንግዳዋ አንዲት ነበረች። ሁለተኛው ሲመጣ አላነሣሁትም።»

እኔ መታገሥ አልቻልኩም። የሞከርነው አብረን ነው፤ ብቻቸውን ሲቆሙ ማየት ከበደኝ። ብድግ ብዬ፣ «ዶጎጎራ ኬኛ» አልኩ፤ ስህተቱ የእኛ ነው።

ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን አነሡ። «ኬኛ አትበይ፣ ልጄ። ሁሉም የእኛ ከተባለ የማንም አይሆንም። እዚህ ያደረሰን ይኸው ነው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ከን ኮቲ» አሉ። የእኔ ነው።

ሽበታም ሰው «ኮ» ሲል የሰማ ሁሉ ቀና አለ። ሰብሳቢው ከግራና ከቀኝ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሌሊሴን ስሟን ጠርተው ወደ ፊት እንድትመጣ አደረጉ፤ ጥፋት እንደሌለባትና ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለክሊኒኩ ሰው በሁሉም ፊት ነገሩት። ባልየው ተነሥቶ የሌሊሴን እጅ ጨበጠ። ኦቦ ፈይሳን ሳይሰናበት በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። እሳቸውም አልተከተሉትም። ወደ ነቀምቴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፤ «መብቱ ነው።»

ማኅበሩ ሥራውን አልነጠቀንም፤ ይነጥቀናል ብለን ግን ለወራት ሰግተናል። ቢሯችን ውስጥ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ማንኛውም ሙከራ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እየተሻማ ይደረጋል። ኦቦ ፈይሳ የሚሞክሩትን ሰዎች ከኋላ ቆመው «መከባበር ውጭ! እዚህ ቤት ማስቀደም የለም፤ ተጋፉ!» ይሏቸው ነበር። ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን ይህን አይተው፣ «ያ አላህ፣ ደግሞ ባለጌነት በደመወዝ ይሠራል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ኦቦ ፈይሳ ዓይናቸው እየደከመ መጣ፤ ሥራውን ለእኔ ትተው ቤታቸው ዋሉ። ገጹን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

ሌሊሴ ወደ ሥራዋ ብትመለስም «ሲስተር ስልክ» የሚለው ስም ወዲያው አልጠፋም። እሷም ገጹን እንደ ድሮው አላመነችውም። ጥሪ ትልክና በዚያው ትደውልልኛለች።

«ልኬዋለሁ። ግን ከአፍሽ ልስማው። የት ይላል?»

«ዲጋ ይላል።»

«በይ እሺ።»

ስልኩን ግን አትዘጋውም። መኪናው እስኪደርስ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠውና ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ ነቀምቴ ቁጭ ብዬ «አይዞሽ፣ እዚሁ ነኝ… አሁን አትግፊ… ቀስ… አሁን!» ስትል እሰማለሁ። የልጅ ልቅሶ የሰማሁበትም ቀን አለ። የእኔ ሥራ የሚያበቃው «ዲጋ ይላል» ላይ ነው፤ የእሷ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከስልኩ ወዲያ ያለውን ማወቅ የፈለግሁት ያን ጊዜ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው እንደገና ተመዝግቤ ማጥናት ጀመርኩ። የክፍል ጓደኛዬ የጠየቀችኝ መልስ ይህ ነው።

ሕፃኗን ያጣችው ያቺ ሴት እንደገና ስታረግዝ ክትትሏን የጀመረችው ሌሊሴ ጋ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሳይጠፋ እዚያው መጣች። ባሏ ግን ከሰፈራቸው የአይሱዙ ሾፌር ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ በመውለጃዋ ሰሞን መኪናውን ከደጃቸው እንዲያሳድር አድርጎ ነበር። ሌሊሴ ይህን ስትነግረኝ ቅር ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ምን ቅር ይለኛል? ደግ አደረገ» አለችኝ። «እኔስ ላንቺ የምደውልልሽ ለምን ይመስልሻል?»

ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች። አምቡላንስም አይሱዙም አላስፈለጋትም።

ማኅበሩ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ከወለጋ ሲወጣ መኪኖቹ ለሌላ ድርጅት እንዲሰጡ፣ ገጹም እንዲዘጋ ተወሰነ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ክረምቱ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ከዲጋ አንድ ጥሪ መጣ፤ ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የት እንደሚል ለሌሊሴ ነገርኳት። ጋሽ ሰይድ ሲደርሱ በስልኩ ውስጥ የመኪናው በር ሲከፈትና «አብሽሪ እናቴ፣ ደርሰናል» ሲሉ ሰማሁ። ሌሊሴም «ሄደች» አለችኝና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሌላ ጥሪ አልመጣም። ፕሮግራሙን እንዳለ አስቀምጬ አጠፋሁት፤ ሰኔ ሠላሳ ቀን ነበር።